የፈጠራ ዓለም ሲፈርስ ኪሳራው የማን ነው?

ጉለሌ ውስጥ፣ በአዲሱ ገበያም ሆነ በሽሮ ሜዳ መንደሮች፣ ጆተኒ እያጫወተ የሚተዳደር ሰው አንድ የማይጨነቅበት ነገር አለ፡፡ የጆተኒ ሕግ አይለወጥም፡፡ ዘንድሮ የገዛው ጠረጴዛ ዘንጉ እስኪጣመም ድረስ ያገለግለዋል፡፡ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውተው ጎረቤቱ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዓመታት ፔስ እየተባለ የኖረውን የኳስ ጨዋታ ስሙንም አሠራሩንም ለውጦ ኢፉትቦል ብሎ ሲያወጣው በዓለም ዙሪያ የተጫዋች እርግማን ወረደበት፡፡ በ2023 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ የጨዋታውን ስም ቀየረ፡፡ የሰፈሩ ልጅ ግን ዛሬም ድረስ «ፊፋ እንጫወት» ነው የሚለው፡፡

ይህ ቀላሉ ነው፡፡ የኳስ ጨዋታ ስሙ ቢለወጥም ሜዳው ሜዳ፣ ጎሉም ጎል ነው፡፡ የዛሬው ጉዳያችን ሜዳው ራሱ ስለሚጠፋበት ጨዋታ ነው፡፡ ባለቤቱ ኩባንያ አንድ ቀን ተነስቶ ሠላሳ ዓመት ያለማውን የፈጠራ ዓለም ቢያፈርሰው፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ዕድሜውንና ገንዘቡን ያፈሰሰው ደንበኛ ምን ያደርጋል? የኩባንያው አክሲዮንስ? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ባለሀብት ከሕንፃና ከመሬት ውጪ ያለ ሀብትንም መገመት መልመድ አለበትና ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ለመሆኑ የፈጠራ ዓለም ሲባል ምን ማለት ነው? በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄዱ ጨዋታዎች አሉ፡፡ በአንደኛው ዓይነት ተጫዋቹ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ቁርጥራጭ ሆነው በካርቶን ይገዛል፣ በሙጫ ይገጣጥማል፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በሜትር እየለካና ዳይስ እየወረወረ ከሌላው ጦር ጋር ያዋጋቸዋል፡፡ በሌላኛው ዓይነት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንዱ ተራኪ፣ ሌሎቹ የታሪኩ ጀግኖች ሆነው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቅ ተረት በጋራ ይሠራሉ፡፡ ሁለቱንም የሚያስተሳስራቸው ካርታ፣ ነገሥታት፣ አማልክትና የዘመን አቆጣጠር ያለው፣ በመጻሕፍት ተዘርዝሮ የተጻፈ ምናባዊ አገር ነው፡፡

የዚህን አገር ኢኮኖሚ ለመረዳት ዕቁብን ማሰብ ይበቃል፡፡ የዕቁብ ዋጋ በደብተሩ ውስጥ የለም፡፡ ሌሎቹ ሰዎች በየሳምንቱ እየመጡ ስለሚጥሉ ነው ያንተም ዕጣ ገንዘብ የሚሆነው፡፡ የፕላስቲክ ጦርም እንዲሁ ነው፤ ተጋጣሚ ከሌለ የመደርደሪያ ጌጥ ነው፡፡ ሕጉ በሁሉም ዘንድ የታወቀ፣ ታሪኩ የጋራ፣ መገናኛውም የታወቀ ስለሆነ ብቻ ነው ዋጋ የሚኖረው፡፡ በሕግ ፊት የምናባዊው አገር ባለቤት ኩባንያው ነው፡፡ በአገሩ ላይ የፈሰሰው ሀብት ግን በአብዛኛው በደንበኞች ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚገኘው፡፡ ኩባንያው የዕቁብ ዳኛ ነው ብንል እንቀርባለን፡፡ ዳኛው ዕጣ ያልደረሰው ሰው ቁጭ ብሎ እያየ የዕቁቡን ሕግ ቢለውጥ የሚሆነውን ጩኸት አንባቢ ያውቀዋል፡፡

ከሁሉ የጎላው ምሳሌ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፡፡ በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬ በኖቲንግሃም ከተማ ነው፣ አክሲዮኑም ከ1994 ጀምሮ በለንደን ገበያ ይሸጣል፡፡ በ1983 ዋርሃመር የሚባል የጦር ጨዋታ አወጣ፡፡ ዓለሙ የድሮ አውሮፓን በሚመስል አገር ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሰዎች፣ ድንክዬዎች፣ ኦርኮችና ሙታን በአራት ማዕዘን መቆሚያ ላይ እየተሰለፉ ይፋለሙበታል፡፡ በ1987 የተወለደው የጠፈር ታናሽ ወንድሙ ዋርሃመር 40,000 ግን ቀስ በቀስ የቤቱ እንጀራ አብሳይ ሆነ፡፡

የኩባንያው ሽያጭ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 በተዘጋው የበጀት ዓመት 134 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር፡፡ በቀጣዩ ዓመት ወደ 123፣ ከዚያም ወደ 119 ሚሊዮን ወረደ፡፡ አስተዳደሩ የወሰደው መድኃኒት ከባድ ነበር፡፡ ከ2014 አጋማሽ እስከ 2015 መጀመሪያ በተከታታይ ባወጣቸው የ«ፍጻሜ ዘመን» መጻሕፍት ያንን የቆየ ዓለም ከነነገሥታቱ አጠፋው፡፡ በጁላይ 2015 በቦታው ኤጅ ኦቭ ሲግማር የተሰኘ አዲስ ጨዋታ ቀረበ፡፡ በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች የነበሩት የሕግ መጽሐፍ አራት ገጽ ሆነ፡፡ የአራት ማዕዘኑ መቆሚያ በክብ ተተካ፡፡ ከሁሉ የባሰው፣ ሁለት ጦሮች እኩል መሆናቸው የሚለካበት የነጥብ ሥርዓት ጭራሹን ቀረ፡፡ ነጥብ የሌለው የጦር ጨዋታ ሚዛን የሌለው ቅቤ ተራ ነው፤ ሁሉም በዓይኑ እየገመተ ይጣላል፡፡

ኩባንያው ለድሮዎቹ ወታደሮች በነጻ አዲስ ሕግ አዘጋጅቶ ነበር፡፡ መዋጮአችሁ አልተበላም ለማለት ነው፡፡ ሆኖም ከሕጎቹ አንዳንዶቹ ቀልድ ነበሩ፡፡ ለምሳሌ አንድን የጦር አዛዥ የያዘ ተጫዋች የራሱ ሪዝ ከተጋጣሚው ሪዝ የበለጠ ያማረ ከሆነ ዳይሱን እንደገና የመወርወር ጥቅም ያገኛል፡፡ አሥራ አምስት ዓመት ሲሰበስብና ሲቀባ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም፡፡ አንዱ ጦሩን በእሳት ሲያቃጥል ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ ለዓለም አሳየ፡፡ ሌሎች ተሰባስበው የድሮውን ጨዋታ ሕግ ራሳቸው ጽፈው «ዘጠነኛው ዘመን» በሚል ስም መጫወት ቀጠሉ፡፡ ማንቲክ የተባለ ተፎካካሪ ኩባንያም ያው የድሮው ወታደር የሚያገለግልበትን ኪንግስ ኦቭ ዋር የተባለ ጨዋታ ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር፡፡

አልበርት ሂርሽማን የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ያለው ምርጫ ወይ መጮህ ወይ መውጣት ነው፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያስቀድም የሚወስነው ደግሞ ታማኝነቱ ነው ብሎ ነበር፡፡ የዋርሃመር ሰዎች ሁለቱንም አደረጉት፡፡ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ግን የሚጮኸው ሰው ገና ያልወጣ መሆኑን ነው፡፡ ከጦር አቃጣዩ ይልቅ የሚያስፈራው ድምፁን ሳያሰማ ቁም ሳጥኑን ቆልፎ ዓሣ ማጥመድ የጀመረው ነው፡፡ እሱን የትኛውም ሪፖርት አይቆጥረውም፡፡

ኩባንያው ይህን ሁሉ ለምን አደረገ? ሰዎቹ እብዶች አልነበሩም፡፡ ፕላስቲክ አይበሰብስም፡፡ አንድ ጊዜ ሙሉ ጦር የገዛ ደንበኛ ሌላ የሚገዛበት ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ ዘላቂ ዕቃ የሚሠራ ኩባንያ ዋነኛ ተፎካካሪው ትናንት የሸጠው የራሱ ዕቃ ይሆናል፡፡ ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፡፡ ጥለቱ ባይለዋወጥ ኖሮ አምና ለፋሲካ የተሸጠው ቀሚስ የዘንድሮውን ገበያ ይዘጋው ነበር፡፡ ልዩነቱ የአምናው ቀሚስ ፋሽኑ ቢያልፍም ቤተ ክርስቲያን ይኬድበታል፤ የአምናው ጦር ግን ጨዋታው ከሞተ የሚሄድበት የለውም፡፡

ሁለተኛው ምክንያት የባለቤትነት ነው፡፡ ኦርክና ድንክዬ የማንም ስላልሆኑ ማንም ሊሠራቸው ይችላል፡፡ ኩባንያው ቻፕተርሃውስ ከተባለ ትንሽ የአሜሪካ አምራች ጋር ከ2010 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ ባካሄደው ክርክር በ2013 የተሰጠው ውሳኔ ከጥያቄዎቹ ከፊሉን ብቻ ነበር የተቀበለለት፡፡ በአዲሱ ጨዋታ ውስጥ ኦርኮቹ «ኦረክ»፣ ድንክዬዎቹም «ዱዋርዲን» ተብለው ብቅ ሲሉ ታዛቢዎች ጉዳዩን ከንግድ ምልክት ጋር ቢያያይዙት አይፈረድባቸውም፡፡

አሁን ወደ ቁጥሩ፡፡ አዲሱ ጨዋታ በወጣበት የበጀት ዓመት ሽያጩ 118 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፡፡ ማለትም ያ ሁሉ ፍርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም፡፡ በ2016 መጀመሪያ ላይ አንዱ አክሲዮን ከ6 ፓውንድ በታች ይሸጥ ነበር፡፡ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አፍቃሪዎቹ ትክክል ነበሩ ብለን በዘጋነው፡፡ አልቆመም፡፡

በ2015 መግቢያ ላይ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ኬቨን ራውንትሪ ከተጫዋቾች ጋር እንደገና የመነጋገር አሠራር አመጡ፡፡ በጁላይ 2016 የነጥብ ሥርዓቱ በአዲስ መጽሐፍ ተመለሰ፡፡ ለጀማሪ የሚሆኑ፣ ለየብቻ ከመግዛት ረከስ ያሉ ካርቶኖች ገበያ ላይ ዋሉ፡፡ በዚያው የበጀት ዓመት ሽያጩ ወደ 158 ሚሊዮን ፓውንድ ዘለለ፡፡ ከዚህ ላይ የምንዛሪውን ድርሻ መቀነስ ያስፈልጋል፤ እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ፓውንድ ስለወደቀና ኩባንያው አብዛኛውን የሚሸጠው በውጭ አገር ስለሆነ የዶላሩና የዩሮው ገቢ ሲመነዘር አብጧል፡፡ የቀረው ግን እውነተኛ ዕድገት ነበር፡፡ በ2020 መጨረሻ አክሲዮኑ ከ100 ፓውንድ በላይ ተሸጠ፡፡ በዲሴምበር 2024 ኩባንያው በለንደን ገበያ የመቶዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ገባ፡፡

ስለዚህ አፍቃሪዎቹ ተሳስተው ነበር ማለት ነው? ይህ ጸሐፊ አይመስለውም፡፡ ኩባንያው ያደገው ዓለሙን በማፍረሱ ሳይሆን ከማፍረሱ በኋላ የጮኹት የጠየቁትን አንድ በአንድ በመመለሱ ነው፡፡ ማስረጃው ደግሞ በራሱ እጅ ነው፡፡ የድሮው ዓለም በጠፋ በዓመቱ፣ በሜይ 2016፣ በዚያው በጠፋው ዓለም ላይ የተመሠረተ ቶታል ዋር ዋርሃመር የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከሴጋ ኩባንያ ወጥቶ ለሁለት ተከታዮች የበቃ ገበያ አገኘ፡፡ ፈቃዱን የሸጠው ራሱ ጌምስ ወርክሾፕ ነው፡፡ የኮምፒዩተሩን ጨዋታ ወድደው ወታደሮቹን ለመግዛት ወደ ሱቅ የመጡ አዳዲስ ደንበኞች ግን ያ ጨዋታ ከገበያ ወጥቷል የሚል መልስ ነበር የሚጠብቃቸው፡፡ በኖቬምበር 2019 ኩባንያው የድሮው ዓለም እንደሚመለስ አስታወቀ፣ በጃንዋሪ 2024 መለሰውም፡፡ ከአራት ማዕዘን መቆሚያው ጋር፡፡ መጀመሪያ የቀረቡት ሁለት ጦሮች የብሬቶኒያ ፈረሰኞችና የመቃብር ነገሥታት ሲሆኑ ሁለቱም ዓለሙ ከጠፋ በኋላ ከሽያጭ የወጡ ነበሩ፡፡ ብዙዎቹ ወታደሮች የታተሙት ከድሮዎቹ ቅርጽ ማውጫዎች ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ይህ ከመጋዘን አቧራ ተራግፎ የወጣ ገንዘብ ነው፡፡

የተራኪዎቹ ጨዋታ ታሪክ ደግሞ መውጫ በር ሰፊ ሲሆን የሚሆነውን ያሳያል፡፡ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 የተወለደ ሲሆን ዋነኛው የፈጠራ አገሩ፣ ፎርጎተን ሪልምስ፣ ኤድ ግሪንዉድ የተባሉ ካናዳዊ የፈጠሩትና በ1987 የታተመ ነው፡፡ ንብረቱ ዛሬ በአሻንጉሊት አምራቹ በሃስብሮ ሥር ባለው በዊዛርድስ ኩባንያ እጅ ነው፡፡ በ2008 ኩባንያው የጨዋታውን አራተኛ እትም ሲያወጣ የፎርጎተን ሪልምስን ዘመን አንድ መቶ ዓመት ያህል ወደፊት ወረወረው፡፡ በአስማት መቅሠፍት አማልክት ሞቱ፣ አገሮች ከካርታው ተፋቁ፣ ሰዎች ለዓመታት ሲያስኬዱት የነበረው ተረት ዘመዶቹን ሁሉ አጣ፡፡

እዚህ ግን ኩባንያው ራሱ በ2000 ከፍቶት የሄደ በር ነበር፡፡ የሦስተኛውን እትም ሕግ ማንም አሳታሚ እንዲጠቀምበት ግልጽ ፈቃድ ሰጥቷል፡፡ ቀድሞ የኩባንያውን መጽሔቶች በውል ያሳትም የነበረው ፓይዞ በዚሁ ፈቃድ በ2009 ፓዝፋይንደርን አወጣ፤ የድሮው ሕግ በመጠኑ ተሻሽሎ፣ በአዲስ ስም፡፡ ቅር የተሰኘው ደንበኛ መጮህ እንኳ ሳያስፈልገው ተሻገረ፡፡ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሱቆች የሽያጭ ቅኝት ፓዝፋይንደር መሪ ሆኖ የታየባቸው ጊዜያት ነበሩ፡፡ ዊዛርድስ በ2014 አምስተኛውን እትም ሲያወጣ ከሞቱት አማልክት ብዙዎቹን አስነስቶ ከተፋቁት አገሮችም ያመለጡትን መልሶ ነበር፡፡ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ ያንን የ2000 ፈቃድ ለማጥበብ ያዘጋጀው ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ፡፡ ተጫዋቾች በገፍ የወር ክፍያቸውን መሰረዝ ጀመሩ፡፡ ክፍያው የሚሰበሰበው ሃስብሮ ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት 146 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በገዛው አገልግሎት በኩል ስለነበር የስረዛው ቁጥር በየሰዓቱ ለአስተዳደሩ ይታየዋል፡፡ ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ረቂቁን ጣለው፡፡ በ2008 ስድስት ዓመት የፈጀው እርማት በ2023 በሳምንታት አለቀ፡፡ ልዩነቱ የአፍቃሪው ቁጣ መጠን አይደለም፤ ቁጣው በገንዘብ ተመንዝሮ የሚታይበት ፍጥነት ነው፡፡

ብሊዛርድ በወርልድ ኦቭ ዎርክራፍት ላይ ያደረገውን በአጭሩ እንለፈው፡፡ በዲሴምበር 2010 ካታክሊዝም በተባለው ማሻሻያ የጨዋታውን የመጀመሪያ አገሮች በእሳትና በጎርፍ አፈራረሳቸው፡፡ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 3.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፡፡ ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት 12 ሚሊዮን የደረሰው ወርኃዊ ከፋይ በ2011 መጨረሻ ወደ 10 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፡፡ በ2019 የድሮውን ጨዋታ እንደነበረ መልሶ ሲከፍት ኩባንያው በሩብ ዓመት ውስጥ በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛውን የከፋይ ጭማሪ ማግኘቱን ገለጸ፡፡ የመጀመሪያ ቀን ሽያጭ የጉጉት ልክ ነው፤ የዓመት መጨረሻው ከፋይ ቁጥር የመቆየት፡፡ ሁለቱን ያምታታ ገማች አክሲዮኑን በውድ ይገዛል፡፡

ከሕጋችን ጋር እናገናኘው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለንግድ መደብር ዋናው ነገር መልካም ዝና ነው ይላል፤ ዋጋውም ነጋዴው ዕቃና አገልግሎት ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት መጠን ከፍና ዝቅ እንደሚል ይገልጻል፡፡ ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም ሐሳቡ ለመርካቶ ሰው አዲስ አይደለም፤ ሱቅ ሲሻገር ከዕቃውና ከመደርደሪያው በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለደንበኛው ነው፡፡ ችግሩ የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው፡፡ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን በተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት አንድ ኩባንያ ራሱ ያፈራውን መልካም ዝና በሀብትነት አይመዘግብም፡፡ የሚመዘገበው ሌላ ሰው ሲገዛው ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ የጌምስ ወርክሾፕ የሀብት መግለጫ የማሽንና የመጋዘን ዋጋ ያሳያል እንጂ በ2015 የተቃጠለው ጦር በየትኛውም ገጽ ላይ በኪሳራነት አልሰፈረም፡፡ አስተዳደሩ የማይመዘግበውን ኪሳራ ለማድረስ መድፈሩ አያስደንቅም፡፡

በአንፃሩ ለአፍቃሪው ቃል ሁሉ ተገዢ መሆንም ያከስራል፡፡ የቆየ ደንበኛ የሚፈልገው ያለውን የሚያስከብርለትን ነው፤ ገና ያልመጣው ደንበኛ ደግሞ ለመጮህ እንኳ ድምፅ የለውም፡፡ አራት ገጽ ሕግና ርካሽ መግቢያ ካርቶን አዲስ ልጆችን አምጥተዋል፤ የድሮዎቹ ብቻ ቢጠየቁ ኖሮ ሁለቱም አይኖሩም ነበር፡፡ አዋጪ ሆኖ የተገኘው አሠራር አዲሱን ቤት ከአሮጌው ጎን መሥራት ነው፡፡ ጌምስ ወርክሾፕ ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን መሸጥ የጀመረው አንደኛውን ካፈረሰ ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ነበር፡፡

የዚህ ዓይነት ኩባንያ አክሲዮን ላይ ዓይኑን የጣለ አንባቢ የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት በጃንዋሪ፣ የሙሉውን ዓመት ደግሞ በጁላይ መጨረሻ ያገኛል፡፡ መጀመሪያ የሽያጩን ገጽ ከፍቶ ዕድገቱን ያለ ምንዛሪ ለውጥ ቢያሰላው፣ ቀጥሎም ለሌሎች ኩባንያዎች በፈቃድ ከሚሰጠው የሚገኘውን ገቢ ከወታደር ሽያጩ ለይቶ ቢያይ ይጠቅመዋል፡፡ የፈቃዱ ገቢ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ በተሳካበት ዓመት ያብጥና በቀጣዩ ዓመት ይሟሽሻል፤ የወታደሩ ሽያጭ ግን የሚመጣው ቁም ሳጥኑን እንደገና ከከፈተው ሰው ነው፡፡